የቤተሰብን አባባል ከነአጋጣሚው በደብተር ማቆየት

በየቤቱ ሰው ሳያስተውለው ለዓመታት የሚደጋገም ንግግር አለ፤ እናት ልጆቿን ስትሸኝ የምትለው፣ አያት ቡና ጠጥተው ሲመርቁ የሚጨምሩት፣ አጎት ከገበያ ሲገባ የሚተርተው። ሁልጊዜ ስለምንሰማው የሚጠፋ አይመስለንም። ተናጋሪው ካረፈ በኋላ ግን ጥቂት ዓመታት በልጆች አፍ ይቆይና ቃሉ እየተለወጠ፣ ምክንያቱም እየተረሳ ሄዶ በመጨረሻ «እማማ አንድ የሚሉት ነገር ነበር» የሚል ብቻ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ የቤተሰብን አባባልና ልብ የነካንን ጥቅስ በደብተር ሰብስቦ ለማቆየት የሚረዳ መመሪያ ሲሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ አጥብቆ የሚለው አንድ ነገር አለ፦ አባባል ከተነገረበት አጋጣሚ ጋር አብሮ ካልተጻፈ ግማሹ ጠፍቷል።

በእኛ ቤት «ጀንፈሉ ሳይደርቅ ዋጋ አትጥራ» የሚል አባባል ነበር። ለሌላ ሰው ይህ የቡና ነጋዴ ምክር ነው፤ ያልደረቀ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው ለማድረቅ የተሰጣ የቡና ፍሬ፣ ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ሲደርቅ ግን ክብደቱን ስለሚጥል ቀድሞ ዋጋ የጠራ ገዥ ይከስራል። አባቴ ግን ይህን የሚናገሩት ስለ ቡና አልነበረም። እኅቴ የፈተና ውጤት ሳይመጣ የምትገባበትን ዩኒቨርሲቲ ለጎረቤት መንገር በጀመረች ጊዜ ተናገሩት፤ ከዚያም የሠርግ ቀን ሳይቆረጥ ድንኳን ለሚከራይ፣ እርግዝና ሳይገፋ ስም ለሚያወጣ ሁሉ ይደግሙት ነበር። ደብተር ላይ አባባሉን ብቻ የጻፈ ሰው ለልጅ ልጆቹ የሚያስተላልፈው የጀንፈልን ሚዛን ነው፤ የእኅቴን የፈተና ውጤት የጻፈ ግን አባቴን ያስተላልፋል።

ምን ይጻፋል?

ደብተሩ የተረትና ምሳሌ መድበል እንዳልሆነ መጀመሪያ መወሰን ይጠቅማል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ማንም ያውቀዋል፤ በየመማሪያ መጽሐፉም ታትሟል፤ ስለዚህ ባዶውን መገልበጡ ገጽ ከመሙላት አያልፍም። ነገር ግን የአክስትዎ ቤት በክረምት ዝናብ ግድግዳው ሲያዘም የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ባቀናበት ቀን አክስትዎ ይህንኑ ተረት እያለቀሱ ተናግረውት ከሆነ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤተሰቡ ንብረት ሆኗልና ቦታው ደብተሩ ነው። መለኪያው አባባሉ ብርቅ መሆኑ ወይም ማማሩ ሳይሆን በቤትዎ ውስጥ ሥራ የሠራ መሆኑ ነው።

በዚህ መለኪያ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ይገባል። ምርቃት አንዱ ነው። ሽማግሌዎች ሲመርቁ አብዛኛው ቃል የታወቀና የጋራ ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ መራቂ በመካከሉ የሚያስገባው የራሱ ሐረግ አለው፤ አድማጩም «አሜን» እያለ ስለሚያልፈው ልብ ሳይለው ይቀራል። መሐላም እንዲሁ ነው፤ ሰው በማን ስም እንደሚምል፣ በቁጣና በደስታ ጊዜ መሐላው እንዴት እንደሚለያይ ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል። ከእነዚህ ሌላ የቤት ቅጽል ስሞች ከነምክንያታቸው፣ ልጅ አፉን ሲፈታ ያጣመመውና ቤተሰቡ ተቀብሎ የቀጠለበት ቃል፣ እናት ልጅ ስታባብል በእሹሩሩ መካከል የምትጨምረው የራሷ ስንኝ፣ ከሩቅ አገር በመጣ ደብዳቤ ወይም የስልክ መልእክት ውስጥ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሁሉም ሊጻፉ ይገባል። እኔ በበኩሌ ከማንኛውም ጥልቅ ጥቅስ ይልቅ የሕፃናትን የተጣመመ ቃል ቀድሜ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ልጁ ባደገ ማግሥት የሚጠፋው እሱ ነው።

ደብተርና እስክሪብቶ

ከተማችን ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚዘንብባት ናት፤ በክረምት ወራት ልብስ ራሱ በቁም ሳጥን ውስጥ ይሻግታል። ስለዚህ የደብተር ምርጫ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሄርማታ መርካቶም ሆነ በሌላ ሰፈር ባሉ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ሲገዙ ሽፋኑ ጠንካራ፣ ቅጠሎቹም በክር የተሰፉ የሒሳብ መዝገብ ዓይነት ደብተር ይምረጡ፤ በሙጫ ብቻ የተያያዘው እርጥበት ሲያገኘው ቅጠሉን ይጥላል፣ በሽቦ የተጠቀለለውም ሽቦው ይዝጋል። ጄል የሚባለው እስክሪብቶ ቀለሙ በአብዛኛው ውኃ ስለሆነ አንድ ጠብታ ሲያርፍበት ሊፈስ ይችላል። ተራው የኳስ እስክሪብቶ ቀለሙ ዘይታማ በመሆኑ ይሻላል፤ እርሳስ ደግሞ ውኃም ብርሃንም ስለማያጠፋው፣ በላጲስ መጥፋቱን ካልፈሩ፣ ከሁሉም ይበልጥ ይቆያል።

ማስቀመጫው ከውጭ ግድግዳ ጋር የተያያዘ መደርደሪያ መሆን የለበትም፤ ከቡና ማፍያው ምድጃ አጠገብም እንዲሁ። ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ የብስኩት ቆርቆሮ ጥሩ ነው፤ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ከመጣል ይልቅ እዚያ ውስጥ ይጨምሯት። በጋ ሲገባም ደብተሩን ገልጠው በጥላ ሥር ማናፈስ ሽታውንም ሻጋታውንም ይከላከላል።

ሰምቶ መያዝ

አባባል ሲነገር ሰው ፊት ደብተር መዘርጋት ንግግሩን ይገድለዋል። ሰው እየተጻፈበት መሆኑን ሲያውቅ ወይ ዝም ይላል ወይ ለደብተሩ መናገር ይጀምራል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ያስፈልጋል፦ በዕለቱ በስልክዎ ማስታወሻ ወይም በቁራጭ ወረቀት የሚያዝ አጭር መነሻ፣ ኋላም በረጋ ጊዜ ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ሙሉ ጽሑፍ። መነሻው ሁለት ወይም ሦስት ቁልፍ ቃላት ቢሆን ይበቃል፤ ነገር ግን በዚያው ምሽት ወደ ደብተሩ ቢገባ ይመረጣል፣ ምክንያቱም እንቅልፍ ቃሉን ትቶ ሐሳቡን ብቻ ያስቀራል፤ በማግሥቱ የሚጽፉትም የተናጋሪውን ሳይሆን የራስዎን አማርኛ ይሆናል።

ከሁሉም ጊዜ የተሻለው ቡና ሲጠጣ ነው። በአቦል ሰው የዕለቱን ወሬ ያነሣል፤ ቶና ላይ ወሬው ወደ ዘመድና ወደ ድሮው ይዞራል፤ በረካ ሲደርስ ደግሞ ወጣቶቹና ጎረቤቶቹ ተነሥተው ሽማግሌዎቹ ይቀራሉ። የሚሰበስብ ሰው ቸኩሎ በቶና መነሣት የለበትም። ለቅሶ ቤትም ብዙ ይነገራል፤ ዘመድ ከያቅጣጫው ተሰብስቦ ሟቹ እንዲህ ይሉ ነበር እያለ በሦስትና በአራት መልኩ ያወራል። እዚያ ስልክ ማውጣት ግን ነውር ነው። በጆሮ ይዘው ቤት ገብተው ይጻፉ፤ ሐዘኑ ከበረደ በኋላም የነገረዎትን ዘመድ አግኝተው ያረጋግጡ።

አዛውንቱ ፈቅደው በስልክ ድምፅ መቅዳት ከተቻለ ታላቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ቅጂውን ሰምተው በቃል ካላሰፈሩት ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ፋይሉን የተናጋሪውን ዝምድና፣ ቀኑንና ጉዳዩን በሚገልጽ ስም ያስቀምጡት፤ በቁጥር ብቻ የተሰየመ ቅጂ ከዓመት በኋላ ማንም አይከፍተውም።

አንድ አባባል እንዴት ይጻፋል?

ቃሉ በተነገረበት መልክ፣ ሰዋስውም ሆነ ያካባቢ ለዛ ሳይታረም ይሰፍራል። አባቴ «አትጥራ» የሚሉት ለእኅቴም ጭምር ነበር፤ አባባሉን የሰሙት በወጣትነታቸው ካሠሯቸው ቡና ሰብሳቢ ነጋዴ ስለነበር ወደ ሴት ሳይለውጡ እንደሰሙት ይናገሩታል። «አትጥሪ» ብሎ ያረመ ሰው አባባሉ ከየት እንደመጣ የሚያሳየውን ምልክት ያጠፋል። ከቃሉ ቀጥሎ ማን እንደተናገረው፣ ለማን፣ መቼና የት፣ ምን ሆኖ ሳለ፣ እንዲሁም ጸሐፊው በራሱ ጆሮ ሰምቶት ወይም ከማን ተቀብሎት እንደሆነ ይጻፋል። አንድ ገጽ ይህን ይመስላል፦

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።» የእናቴ እናት ለታናሽ ወንድሜ። ጥቅምት 2009 ዓ.ም.፣ ቡና ለቀማ ላይ፣ ጓሮ። ወንድሜ አንድ ጎረቤታችንን የተበደሩትን ገንዘብ በሰው ፊት ጠይቋቸው አፍረው ሄዱ። በማግሥቱ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲነሣ አያቴ አልከለከሉትም፤ ይህን ብለው የማር ዕቃ አስያዙት። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። በራሴ ጆሮ ሰማሁ።

ተረቱ አገር ያወቀው ነው፤ የማሩ ዕቃ ግን የዚያ ቤት ነው። እጃቸውን የት እንዳደረጉ፣ ሳቁ ወይስ ተቆጡ፣ ከተናገሩ በኋላ ዝም አሉ ወይስ ቀጠሉ፣ እነዚህ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ቢጨመሩ ለሚመጣው አንባቢ ከትርጓሜ ይበልጣሉ። ስለ ትርጉሙ ረጅም ሐተታ መጻፍ ግን አልመክርም፤ አጋጣሚው በሚገባ ከተጻፈ ትርጉሙ ራሱ ይታያል።

ጊዜን በተመለከተ «ድሮ» ወይም «ልጅ ሳለሁ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ቀኑን የሚያስታውስ ሰው ከሌለ ሁሉም በሚያውቀው ክስተት ማስላት ይቻላል፤ ጣሊያን ከመውጣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. ተናጋሪው የት ነበሩ፣ በ1992 ዓ.ም. የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ልጁ ስንተኛ ክፍል ነበር። አንዳንዱ ምልክት ግን ያሳስታል። «ብሩ ሲቀየር» የሚሉ አዛውንት በ1969 ዓ.ም. የተደረገውን ለውጥ ያስቡ ይሆናል፣ ወጣቱ ሰሚ ደግሞ የ2013ቱን ይገምታል፤ የትኛውን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በውጭ አገር ያሉ ዘመዶች የሚልኩት ቀን ብዙ ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚሆን፣ ሁልጊዜ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መለየት የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት ያስቀራል።

አዛውንትን መጠየቅ

«አባባል ይንገሩኝ» ተብሎ የተጠየቀ አዛውንት ሁሉም የሚያውቀውን ተረት ይደረድራል፤ ጥፋቱ የእሳቸው ሳይሆን የጥያቄው ነው። አባባል የሚወጣው በነገር በኩል ነው። «እማማ፣ አባትዎ ብድር ሊጠይቅ ሰው ሲመጣ ምን ይሉ ነበር?»፣ «ያገቡ ቀን እናትዎ ሲሸኙዎት ምን ብለው መረቁዎት?»፣ «አባባ፣ ዝናብ አልጥል ብሎ ቡናው አበባ ሳያወጣ ሲቀር ምን ይባል ነበር?» የሚሉ ጥያቄዎች ሰውየውን ወደዚያ ቀን ይመልሱታል፤ ቃሉም ራሱ ይመጣል። አንድ ጥያቄ ጠይቆ ረጅም መታገሥ ከአሥር ጥያቄ ይበልጣል። አንዱ አዛውንት የተናገሩትን ለሌላው ሲያነሡም እንደ ፈተና እንዳይመስል መጠንቀቅ ተገቢ ነው፤ ሁለት እኅትማማቾች የእናታቸውን አንድ አባባል በሁለት መልክ ቢናገሩ ማንኛቸውንም ሳያርሙ ሁለቱንም በየስማቸው መጻፍ እንጂ መዳኘት የደብተሩ ሥራ አይደለም።

ሁለትና ሦስት ቋንቋ ባለበት ቤት

በጅማ በአንድ ቤት ውስጥ አማርኛና አፋን ኦሮሞ፣ አልፎም ዳውርኛ፣ ካፊኛ፣ የምኛ ወይም ጉራጊኛ መነገሩ የተለመደ ነው። አባባል በተነገረበት ቋንቋ መጻፍ አለበት፤ ትርጉሙ ከሥሩ ይከተላል እንጂ አይተካውም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው በአፋን ኦሮሞም «ሱታ ሱታን ሀንቃቁን ሚላን ዴምቲ» ተብሎ ይነገራል፤ አያት ለአንዱ የልጅ ልጅ በአማርኛ፣ ለሌላው በኦሮምኛ የሚሉት ከሆነ ያ ራሱ የቤተሰቡ ታሪክ አካል ነውና ይጻፍ። አፋን ኦሮሞን በቁቤ፣ ማለትም በላቲኑ ፊደል፣ መጻፍ ይሻላል፤ ቁቤ የሚረዝመውን አናባቢና የሚጠብቀውን ተነባቢ ሁለት ጊዜ ስለሚጽፍ ያልሰማ ሰው እንኳ በትክክል ያነበዋል። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የተጻፉ የቤተሰብ ደብዳቤዎች ግን በግዕዝ ፊደል፣ አንዳንዶቹም በዓረብ ፊደል የተጻፉ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ እንዳሉ ፎቶ አንሥቶ ከደብተሩ ጋር ማስቀመጥ ይገባል።

በአማርኛም ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ ሰምና ወርቅ ባለው ንግግር ላይ ጠብቆ ከሚነበበው ፊደል በላይ ነጥብ ማድረግ ብልህነት ነው። «ይበላል» የሚለው ቃል ላልቶና ጠብቆ ሲነበብ በይውንና ተበይውን እንደሚያለዋውጥ ተናጋሪው ያውቃል፤ ከአርባ ዓመት በኋላ የሚያነብ ልጅ ግን ምልክት ይሻል።

ከመጽሐፍና ከስልክ የሚወሰድ ጥቅስ

ከቤት ውጭ የመጣ ጥቅስም ለእርስዎ ትርጉም ካለው ቦታ አለው፤ እንዲያውም በየትኛው የሕይወት ወቅት እንዳነበቡትና ለምን እንደያዘዎት መጻፉ ከዚያው ከአጋጣሚው ሕግ የመጣ ነው። ልዩነቱ ምንጩን ማጣራት ማስፈለጉ ነው። ከመጽሐፍ ሲሆን ገጹንና የኅትመት ዓመቱን፣ ከቅዱስ ቁርኣን ሲሆን ሱራውንና የአንቀጹን ቁጥር ይጻፉ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ሲሆን ምዕራፍና ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ የ1954ቱና የ1980ው የአማርኛ እትሞች አንዱን ጥቅስ በተለያየ ቃል ስለሚያስቀምጡት አያትዎ በቃላቸው የያዙት የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

በስልክ የሚዘዋወሩ ጥቅሶች ላይ ጥርጣሬ አይከፋም። ከሁሉ የሚያስፈራን ደካማነታችን ሳይሆን ኃያልነታችን ነው የሚል ይዘት ያለው ጥቅስ ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1994 ሥልጣን ሲረከቡ ተናገሩት ተብሎ በዓለም ሁሉ ይጠቀሳል፤ ንግግራቸው ውስጥ ግን የለም፤ ከዚያ ንግግር ሁለት ዓመት ቀድሞ በታተመ የአንዲት አሜሪካዊት ደራሲ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ነው። ምንጩን ካላገኙ «በቴሌግራም ከአጎቴ ልጅ የደረሰኝ» ብሎ መጻፍ ሐቀኛ ነው፤ ለቤተሰቡ ደብተርም የአጎት ልጅ ከማንዴላ ያነሰ ምንጭ አይደለም።

የማይጻፍ

በሽምግልና ላይ የተነገረ ቃል የዕርቁ አካል ስለሆነ የሁለቱም ወገን ፈቃድ ከሌለ አይጻፍ። በሕይወት ያለን ሰው የሚያሳፍር ንግግርም እንዲሁ። ሌላውን ብሔር፣ ሃይማኖት ወይም አካል ጉዳተኛን የሚዘልፉ አሮጌ ተረቶች በየቤቱ አሉ፤ ልጆች እንደ ቅርስ እንዳይወርሱት እኔ አልጽፋቸውም።

ማውጫ፣ ግልባጭና አደራ

የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ገጾች ለማውጫ ባዶ ይተዉ፤ ገጾቹን ሁሉ በእጅ ቁጥር ይስጡ። ማውጫው በተናጋሪ ስም ቢሆን በርእሰ ጉዳይ ከሚሆን ይልቅ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ሰው ደብተሩን የሚከፍተው «ስለ ትዕግሥት» ለማንበብ ሳይሆን አያቱን ፈልጎ ነውና። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ በኋላ ጥቂት መስመር ባዶ ቢቀር ሌሎች የሚያውቁትን ይጨምሩበታል። በዒድ፣ በገና ወይም በፋሲካ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ጥቂት ገጾች ማንበብ የተረሳውን ያስታውሳል፤ አንዱ ተነሥቶ «እንዲያ አልነበረም» ካለ የድሮውን ሳይሰርዙ እርማቱን በሌላ ቀለም ከአራሚው ስምና ከቀኑ ጋር ይጻፉ።

ደብተሩ ግማሽ በሞላ ቁጥር ገጾቹን በቀን ብርሃን በስልክ ፎቶ አንሥተው ቢያንስ በሌላ ከተማ ለሚኖር አንድ ዘመድ ይላኩ፤ እሳትም ጎርፍም ሁለት ከተማ አይደርስም። በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ከእርስዎ በኋላ ደብተሩን የሚይዘውን ሰው ስም ይጻፉ፤ ለዚያም ሰው ዛሬውኑ ነግረው ቆርቆሮው የት እንደሚቀመጥ ያሳዩት።